ባለ አምስት ኮከቡ ዣንጥላ

ደንበኛ ንጉሥ ነው፤ ንጉሥ ደግሞ ምን ማለት እንዳለበት የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። በኢንተርኔት ዣንጥላ የሚሸጠው የተከበረ መደብር ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ፣ ደንበኞች አስተያየትና ኮከብ እንዲሰጡ የሚያበረታታ ክፍል አቋቁሞ አንድ ታታሪ ኃላፊ ሾመበት። ኃላፊው ስድስት ወር ሙሉ አበረታታ። ደንበኛው ስድስት ወር ሙሉ ዝም አለ። በመጨረሻ "ክፍተቱ በውስጥ አቅም ይሸፈን" የሚል መመሪያ ወረደ። የውስጥ አቅም ማለት እሱ ብቻ ነበርና ቁጭ ብሎ ይጽፍ ጀመር።

እጁ የተባረከ ነበር። አንድ ቀን የቤት እመቤት ሆኖ፣ "ይህን ዣንጥላ ከያዝኩ ወዲህ ኮብልሎ የነበረው ባሌ ተመለሰ" ይላል፤ በማግስቱ ጡረታ የወጣ ዳኛ ሆኖ፣ "በአርባ ዓመት የዳኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ዣንጥላ አልገጠመኝም" ብሎ ይመሰክራል። ለሁሉም አምስት አምስት ኮከብ። ዣንጥላውን የሚገዛ ጠፋ እንጂ አመስጋኙስ አራት መቶ ደርሶ ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ ኃላፊው ለአማቱ ምን እንደሚገዛ ጨነቀው። ያንኑ ገጽ ከፈተና አራት መቶውንም አነበበ። እንባው መጣ። "ይህ ሁሉ ሰውማ አይሳሳትም" አለና አንዱን አዘዘ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዣንጥላው ግን በመጀመሪያው ካፊያ የያዘውን ቀለም ለቀቀ። አማቱ ለምርመራ ሐኪም ቤት ሲደርሱ፣ ሐኪሙ ገና ሳይነካቸው፣ "እናቴ፣ ይህ ጥቁረት ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?" አላቸው።

እንደዚያው ሆነው ወደ ኃላፊው ቤት መጥተው ሳሎኑ መሃል ቆሙ።

"ና እስቲ፣ የኔ ልጅ። ልትሸፍነኝ ነው ወይስ ልታቀልመኝ?"

"እማማ፣ ስንት ሰው ያመሰገነው እኮ ነው! አንድ የተከበሩ ዳኛ ሳይቀሩ…"

"ዳኛውን አምጣልኝ።"

ዳኛው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ ያለው ያኔ ነው። ላብ አጠመቀው። አማቱ ነገሩን ከፊቱ አነበቡና የዣንጥላውን እጀታ ትከሻው ላይ አሳረፉበት።

"አሁን ቁጭ በል። እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ። አንዲት ቃል ታሳምርና እንተያያለን!"

መደብሩ ገጽ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ "ያፈሳል። ቀለሙም ይለቃል። እጀታው ግን ጠንካራ ነው፤ የገዛልኝን ሰው መትቼበት አልተሰበረም። አንድ ኮከብ።"

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩት። የጠረጴዛውን ዕቃ በካርቶን ሰብስቦ፣ ካርቶኑን እንዳቀፈ ገባ።

"ይህን የጻፈው ማነው?"

"አማቴ ናቸው፣ ጌታዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እድሜ ነው…"

"የምን ይቅርታ! ከማለዳ ጀምሮ ሦስት መቶ ዣንጥላ ታዘዘ! 'በስንት ጊዜው እውነት የሚናገር መደብር አገኘን' እያሉ ነው!"

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሐቀኝነት አዋጭ መሆኑ በመረጋገጡ የእውነተኛ ቅሬታዎች ዝግጅት መምሪያ መቋቋሙ ተበሰረ። ኃላፊው የመምሪያው ዳይሬክተር ሆነ፤ በሳምንት ሃምሳ ከልብ የመነጩ ቅሬታዎችን እንዲያዘጋጅም ዕቅድ ተሰጠው። ተጨበጨበ።

ከኋላ የመጋዘን ሠራተኛዋ እጇን አወጣች።

"ይህን ሁሉ ከምንደክም፣ ዣንጥላው እንዳያፈስ ብናደርገውስ?"

አዲሱ ዳይሬክተር በሐዘኔታ ተመለከታት።

"እህቴ፣ ማፍሰሱን ካቆመ እኮ ውሸታም ሆንን ማለት ነው!"