የባድሩ ኮረንቲ

መብራት ያልገባበት ሰፈር አለ፤ ውኃ ያልደረሰበት ሰፈር አለ፤ አስረጂ የሌለበት ሰፈር ግን በዚህ አገር እስካሁን አልተገኘም። አስረጂ ማለት ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ነው። ሲጠየቅማ አይጣል። ዝናቡ ለምን እንደዘገየ፣ ለምን እንደመጣ፣ ሳይመጣም ሳይቀርም ተራራው ላይ ተንጠልጥሎ ሲውል ደግሞ ምን እያሰበ እንደሆነ ያውቃል። ሹመቱን የሰጠው ስለሌለ የሚሽረውም የለም።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለችው መንደር ይህ ሹመት የክቡር ባድሩ ነው። መተዳደሪያው የባጃጅ ተራ ማስከበር ሲሆን፣ እናቱ የውጫሌ ሰው ስለሆኑ መንደርተኛው «የአምባሰል አምባሳደር» ብሎ ሰይሞታል። ቀልድ ነበር። እሱ ግን በሙሉ ልቡ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ «ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ነው» ሳይል ወሬ አይጀምርም። ዘይት ሲወደድ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ነው። አሪፋ ሻይ ቤት ሻዩ ቀጥኖ ሲቀርብ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ነው። ሚስቱ ኢቲሳም ተቆጥታ ያለ ቁርስ የሸኘችው ቀን እንኳ፣ ነገሩ ከቀጠናው ውጥረት ተነጥሎ የሚታይ አይደለም።

ዓለምን እንዲህ በመዳፉ የያዘው ሰው ታዲያ ከኮምቦልቻ አልፎ አያውቅም። ኮምቦልቻም የሄደው ጥርሱን ሊነቀል ነው። ሐኪሙ «አፍህን ክፈት» ሲለው የጥርስ ሕመም ከየት እንደሚመነጭ ማስረዳት ጀመረ፤ ጥርሱ የተነቀለው ሁለተኛውን ነጥብ ጨርሶ ወደ ሦስተኛው ሲሻገር ነው ይባላል።

የዚህ ሁሉ ማስረዳት ዋና ተጎጂ ጎረቤቱ ፈዲላ ናት። ግቢያቸውን የሚለየው የቅንጭብ አጥር ነው፤ ቅንጭብ ደግሞ ፍየል ይከለክላል እንጂ ወሬ አይከለክልም። ፈዲላ በግ ታደልባለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆመችው በበግ ነው፤ ዕድሜ ልኳንም በግ የሸጠችው በደላላ እጅ ነው። ደላላ ላቱን ይጨምቃል፣ ከንፈሩን ገልቦ ጥርሱን ያያል፣ ከዚያ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ይሄ በግ አይደለም፣ የበግ ወሬ ነው» ይላል። ስትመግብ ከርማ፣ አጥባ አበጥራ ያመጣችው በግ ፊቷ ሲሰደብ ቆማ ትሰማለች። ስድቡ ካላለቀ ሽያጩ አይጀመርም።

ዘንድሮ ዐረፋ ገና ሩቅ ሳለ፣ ወደ ዐረብ አገር በግ የሚልክ አንድ ነጋዴ ወደ መንደሩ ብቅ አለ። ሰውየው ደላላ አይወድም፤ ሚዛን ጭኖ ነው የሚዞረው። የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የጭነት መኪናው ሙሉ እንዲሆን፣ በጎቹም አገሮች ተስማምተው ያወጡትን የጤና ደንብ እንዲያልፉ። ፈዲላ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ በር ለበር ዞረች፤ ሴቶቹን ሁሉ አሳመነች። አንዴ እንኳ፣ በዕድሜዋ አንዴ፣ በጎቿ ሳይሰደቡ ሲሸጡ ማየት ፈለገች።

ነገሩ የተበላሸው በስልክ ነው። የወረዳዋ የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ማርታ የክትባቱን ቀን ልታሳውቅ የደወለችው ለባድሩ ነበር፤ የሱ ስልክ ጠርቶ ሳይጨርስ ይነሳል። «ለሴቶቹ ንገርልኝ፤ በጎቹ ይከተባሉ፣ ደስታ መሰል በሽታ እንደሌለባቸው ይመረመራሉ፣ ወደብ ሳይደርሱ ደግሞ ኳራንታይን ይገባሉ» አለችው። ኔትዎርኩ ተቆራረጠ፣ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ፣ ባድሩም የቀረውን በራሱ ሞላው።

አሪፋ ሻይ ቤት ደርሶ ወንበር ሳይስብ ጀመረ።

«ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ነው። ዓለም ተሰብስቦ ደንብ አውጥቷል። አንደኛ፣ በጉ ላይ ደስታ መሰል ነገር መታየት የለበትም።»

«ደስታ ድሮ ከብቱን የፈጀው በሽታ አይደለም ወይ?» አለ ገበሬው ዝናው።

«እሱ የድሮው ደስታ ነው። ያሁኑ ደስታ ደስታ ነው። ካገሩ ሲወጣ የሚፈነጥዝ በግ ያጠራጥራል። ሁለተኛ፣ ወደብ ሳይደርስ ኮረንቲ ይገባል።»

አሪፋ ስኳር የያዘ ማንኪያዋን አየር ላይ አቆመች።

«ኮረንቲ ገብቶ ምን ሊሆን?»

«ጀርሙ ሊራገፍ ነዋ። ምንጣፍ አታራግፊም? በጉ ቆርቆሮ ላይ ይቆማል፣ ይለቀቅበታል፣ ብርር ይላል፣ በሽታው ይረግፋል። አብሽሪ፣ ቮልቱን ተስማምተው ነው የወሰኑት።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት ሼኽ ሐቢብ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ብርር ብሎ የቀረ እንደሆነስ?»

«የቀረ ማለት?»

«የሞተ እንደሆነ። ሳይታረድ፣ ቢስሚላህ ሳይባልበት ከሞተ በክት ነው። ለዐረፋ በክት ልንልክ ነው ለሰው አገር?»

«ለኛ ለክርስቲያኖቹም ቢሆን ያው በክት ነው፣ ሼኻችን» አለ ዝናው።

መንደሩ በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ወደ ፈዲላ ቤት መመላለስ ያዙ። ዑምኩልሱም «አትቀየሚኝ እታለም፣ የኔ በግ ልቡ ደካማ ነው» አለች። ሂዳያ «የኔው መብረቅ ሲሰማ እንኳ ሦስት ቀን አይበላም፤ ኮረንቲ ከነካውማ ወላሂ ያብዳል» አለች። ጀንበር ሳትጠልቅ መኪናውን የሚሞላ ሰው ጠፋ፤ የቀሩት የፈዲላ በጎች ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ዶክተር ማርታ መድኃኒቷን በበረዶ ሣጥን ይዛ በሞተር ብስክሌት መጣች። ከፈዲላ በጎች በቀር የምትከትበው ግን የለም፤ ቀሪው የቆመ ሰው ብቻ ነው። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ማንም አብሯት እንዳልሳቀ ስታይ አቆመች።

«ኳራንታይን ነው ያልኩት፤ ለይቶ ማቆያ። በጎቹ እዚያ እየበሉ ይቆያሉ፣ ሐኪም ያያቸዋል። የኛ በሽታ ወደ ሰው አገር፣ የሰው አገር በሽታም ወደኛ እንዳይሻገር ነው። አገሮች የተስማሙት በዚህ ነው።»

«እንግዲያው ኮረንቲ የለም?» አሉ ሼኽ ሐቢብ።

ዶክተር ማርታ እውነተኛ ሰው ናት። «ግቢው ውስጥማ መብራት ይኖራል» አለች።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። «አለ አለች» የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ መጨረሻ የቆሙት ዘንድ ሲደርስ ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሆኖ ነበር።

ፈዲላ ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። ሐኪሟ እውነቱን ታውቃለች፤ መታመን ግን የባድሩ ሥራ ነው። ወደ ቅንጭቡ ሄደች። ባድሩ ከወዲያ በኩል ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ ደግሞም ዝም ብሎ።

«ባድሩ።»

«ወይ።»

«ኳራንታይን ነው አለች እኮ።»

«ሰምቻለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ችግሩ የትርጉም ነው፣ ፈዲላ። እኔ የውጫሌ ዘር ነኝ። ውል በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ ምን እንደሚያመጣ እኛን ነው የሚጠይቁ።»

«አንተ የሰማኸው በአንድ ቋንቋ ነው።»

ባድሩ የጫማውን አቧራ ማራገፍ ያዘ። ፈዲላም አልገፋችበትም።

«ልወቅስህ አልመጣሁም። መኪናው ሐሙስ ይመጣል። ካልሞላ ባዶውን ይመለሳል፣ ዳግም እዚህ አይደርስም። እኔም ያው እንደ ልማዴ በጎቼን ጎትቼ ደላላ ፊት እቆማለሁ። ሰዉ የሚሰማ አንተን ነው። ተሳስቻለሁ በላቸው።»

ባድሩ ሊሞክረው አፉን ከፈተ። «ተሳ...» አለ። ቃሉ አልወጣም፤ ላቡ ብቻ ወጣ። «እሱን ተይኝ፣ ፈዲላዬ። ሌላ ቃል ስጪኝ።»

ፈዲላ አሰበች። «ኮረንቲውን ያስገባኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እንበል።»

«እንግዲያው አንተው አንሳው።»

በነጋታው ጠዋት ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ባድሩ ቆሞ ነው የተናገረው።

«ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ነው። የመንደራችን ተቃውሞ ለሚመለከተው ደርሷል። ሼኽ ሐቢብ በክት ያሉት ቃል ትልቅ ቦታ ነው የሄደ። ዓለም ተወያየ፣ አመነ። ኮረንቲው ተነሥቷል። የቀረው ኳራንታይን ብቻ ነው።»

«በአንድ ሌሊት?» አሉ ሼኽ ሐቢብ።

«የሰዓት ልዩነት አለ፣ ሼኻችን። እኛ ስንተኛ እነሱ ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ሼኹ ባድሩን አዩት፤ ቀጥለው በሩ ላይ የቆመችውን ፈዲላን አዩ። ጢማቸው ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ዓለምም ለካ ሲነግሩት ይሰማል።»

በጎቹ ተመለሱ። ዶክተር ማርታ ስትከትብ ዑምኩልሱም ቀረብ ብላ «ኮረንቲያችሁን አስነሣናችሁ አይደል?» አለቻት። ማርታ ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ፈዲላ እግሯን ረገጠቻት። «ዶክተሬ፣ አንቺ ክተቢ ብቻ።»

ሐሙስ ሚዛኑ ተተከለ። የፈዲላ በጎች ተራ በተራ ወጡ፤ ሚዛኑ ቁጥሩን ተናገረ፣ ነጋዴው ራሱን ነቀነቀ። ላት የጨመቀ የለም፣ ወደ ሰማይ ያየም የለም። አንደኛው በግ ሚዛኑ ላይ ሆኖ ሚዛኑን አቆሸሸ፤ እሱን እንኳ በክፉ ያነሣው ሰው አልነበረም። ፈዲላ ጀርባዋን ሰጥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ነጠላው ምንም ሳይዛነፍ።

መኪናው ሊነሣ ሲል ዝናው እጁን አወጣ። «ኮረንቲውን መልሰው ቢቀጥሉትስ? ታዛቢ መሄድ አለበት።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞሩ። ክቡር አምባሳደሩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ተሳፈሩ ግን፤ ከዚህ በኋላ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ አይደለም ማለት አይቻልም። ኮምቦልቻን ሲያልፉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ብሎ ሾፌሩ ኋላ ላይ አውርቷል።

ማቆያው ቆላ ወርዶ በወደቡ መንገድ ላይ ነው። በጎቹ እዚያ ከደረሱ ከጥቂት ቀን በኋላ ዶክተር ማርታ ወደ ፈዲላ ቤት መጣች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ያርዲቦ በጎች አልበሉም። ውኃም በግድ ነው። የማይበላ በግ ታሟል ተብሎ ይጠረጠራል፤ እስከ ነገ ካልበሉ ጠቅላላ ይመልሷቸዋል።»

ፈዲላ ግድግዳውን ተደገፈች። «ባድሩስ ምን ይላል?»

«ምንም። ከደረሰ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም አሉ። ቦታው ሰፊ ነው፤ ከየአገሩ ሰው አለ። ደንግጧል መሰለኝ።»

ፈዲላ ቆም ብላ በመስኮቱ ወደ በረቱ አየች። በረቱ ቅንጭቡን ተደግፎ ነው የተሠራው። የሷ በጎች ተወልደው ያደጉት እዚያ ሥር ነው፤ የሌሎቹም ቢሆኑ የባድሩ ድምፅ በማይደርስበት በረት አልዋሉም፤ ድርቆሽ ማላመጥ የለመዱትም ስለ ነዳጅና ስለ ኃያላን መንግሥታት እየሰሙ ነው። ባድሩ ዝም ያለበት አገር ለነሱ ጅብ የገባበት አገር ነው።

«ዶክተሬ፣ ደውይና አንድ ነገር ጠይቂው።»

«ምን ልጠይቀው?»

«የፈለግሽውን። ዘይት ለምን ተወደደ በይው።»

ማርታ እንደ እብድ አየቻት፤ ደወለች ግን። ባድሩ ከማቆያው በረት አጥር አጠገብ ሆኖ ስልኩን አነሣ። ጥያቄውን ሲሰማ «ጉዳዩ» ብሎ ጀመረ፣ ቀጠለ፣ ጋለ። ቆይቶ ከዚያው የደወለው የማቆያው ሐኪም ነው። ሰውየው ሲያወራ በጎቹ ጆሯቸውን አቁመው ወደ መኖው ሄዱ አለ። ጥበቃው ጆሮው ደክሞት «እባክህ ወንድሜ፣ ዝም በል» ሲለው አብረው ማላመጥ አቆሙ። ስለዚህ ለምነው አስቀጠሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪወጡ ድረስ የማቆያው ሰው ሁሉ የዓለምን ሁኔታ በዝርዝር ሰማ፤ በጎቹም እየሰሙ ጠገቡ፣ ተመረመሩ፣ አለፉ።

ባድሩ የተመለሰው ድምፁን ጨርሶ ነው። ባጃጆቹን በእጁ ያሰልፋል፤ ሰላምታውም በራስ ንቅናቄ ነው። ሻይ ቤቱ ዕረፍት አገኘ፤ አሪፋም የደስ ደስ ብላ ብስኩት ጋበዘች። ግን በዚያው ሳምንት ስኳር ጠፋ፤ ሰዉ ብርጭቆውን ይዞ ለምን እንደጠፋ ሳያውቅ ተፋጦ ዋለ።

ፈዲላ ዝንጅብል ወቅጣ፣ በማር አፍልታ ቅንጭቡን ዞረች። ኢቲሳም በሩ ላይ አገኘቻት።

«ምነው ፈዲላ፣ ምን አደረግኩሽ? ተይው ይረፍ፤ እኔም ልረፍበት።»

«ግልገሎች አሉኝ» አለች ፈዲላ። «መብላት አለባቸው።»

ብርጭቆውን ለባድሩ ሰጥታ እስኪጨርስ ከፊቱ አልተንቀሳቀሰችም። ባድሩ የመጨረሻዋን ጠብታ መጠጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባሕሩ...» አለ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ በሚል ድምፅ። «ባሕሩ እኮ፣ ፈዲላ...»

ማቆያው ከባሕሩ የአንድ ቀን መንገድ እንደሚርቅ ማርታ ነግራታለች። ፈዲላ ግን በርጩማ ስባ ተቀመጠች።