የእማማ አማረች ቦዬ እንቅልፍ

የከተማ ሰው የተኛ ነገር ማየት አይወድም። ያልበሰለ ወጥ ክዳኑን አሥሬ ይከፍታል፤ ቀይ መብራት ያቆመው ሚኒባስ ላይ ክላክስ ያደርጋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለናል።

ጎረቤቴ ታምራት ከሚስቱ ከምህረት ጋር ሀይሌ ጋርመንት፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል። አማቱ እማማ አማረች ከወላይታ ሊጠይቋቸው ሲመጡ አልጋው ለእናትና ልጅ ተለቀቀ፤ ታምራት ወደ ሶፋ ተዛወረ። እማማ በዘንቢላቸው ሁለት የቦዬ ፍሬ ይዘው ነበር፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚቀቀለውን ሥሩን ሳይሆን ሐረጉ ላይ የሚንጠለጠለውን ድንች መሳይ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ሌላውን በረንዳ ላይ ባልዲ ውስጥ አስቀመጡና፣

«ይኼ ሲበቅል ሳላይ አገሬ አልገባም» አሉ።

የቦዬ ፍሬ፣ ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፣ ከሐረጉ ሲወርድ ይተኛል። ለወራት። ውሃ ቢያጠጡት፣ ፀሐይ ቢያሞቁት፣ ቢጸልዩለት፣ ወይ ፍንክች! ሶፋ ላይ ለሚያድር ሰው ይህ ወሬ አይደለም፤ ፍርድ ነው።

ታምራት አበባ እርሻ ከሚሠራ ጓደኛው ዘር ይቀሰቅሳል የተባለ ሆርሞን በብልቃጥ አመጣ፤ ጅበሬሊን ይሉታል። «የሆርሞን ዶሮ አልበላም» እያለ ምህረትን ሲያስመርር የኖረ ሰው፣ አማቱ ለጸሎት በወጡ ቁጥር ፍሬውን በድብቅ ይነክር ጀመር።

የእኔን ፍሬ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ረስቼው ኖሮ፣ አንድ እሑድ ስከፍት ቡቃያውን አውጥቶ አፈጠጠብኝ። ክው አልኩ። ይዤው ወደ ታምራት ሮጥኩ። የእሱ እንደ ድንጋይ ዝም ብሏል። ነገሩ ቢገርመኝ ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ እዚያ ደግሞ የባሰ ጠበቀኝ። ሌላውን ተክል የሚቀሰቅሰው ያ ሆርሞን፣ ቦዬ ላይ ሲደርስ እንቅልፉን ያረዝማል!

«ታምሬ፣ አንተ እኮ እሹሩሩ ስትለው ነው የከረምከው» አልኩት።

«ማስተኛ ነው የምትለኝ?» ግድግዳውን ተደገፈ። «የማስተኛ መድኃኒት?»

ይኼኔ እማማ ከጸሎት ተመልሰው ገቡ። የአማቻቸው ፊት አመድ መስሎ ሲያዩት ደነገጡ፤ ከዚያ ባልዲውን አዩና ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት።

«ውይ ልጄ! ለእኔ ቦዬ ነው እንዲህ የምትሆነው? አይዞህ፣ ጌታ ያውቃል፤ ይነቃል። እስኪነቃ እኔም አለሁ።» ወደ እኔ ዞር አሉ። «እንዲህ ያለ አማች ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ታምራት ዛሬም ሶፋው ላይ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል። ቦዬው ግን የሁለቱንም ድርሻ ይተኛል።