ሥዕል ዐይታ የማታልፈው ሒክማ

በየትኛውም ከተማ ሥዕል ዐይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። እኔና እናንተ በሬ የተሳለበት በር ስናይ ሥጋ እንደሚሸጥበት ይገባንና ዘው እንላለን። እሱ ግን ደጅ ቆሞ በሬውን ይመረምራል። በሐይቅ ከተማ ይህን ሹመት ያለ ተቀናቃኝ የያዘችው ክብርት ሐያሲት ሒክማ ናት። እኔ ማህዲ ደግሞ የከተማዋ የታፔላ ሠዓሊ ነኝ፤ መከራዬን ከዚህ ገምቱት።

ሌላው ሰው ዓረብ አገር ሠርቶ ሲመለስ ወርቅና ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። ሒክማ ዱባይ ማተሚያ ቤት እየሠራች፣ በትርፍ ሰዓቷ «የመጽሐፍና የማስታወቂያ ሥዕል ስለ ሕዝብ ባህል ምን ይናገራል?» የሚል ትምህርት ሁለት ዓመት ተምራ፣ «ዐውድ» የሚባል ነገር ይዛብን መጣች። ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ጀመረችን።

መጀመሪያ የተነሳችው በባድሩ ሥጋ ቤት ላይ ነው። እዚያ በር ላይ ቢላ ታጥቆ የሚስቅ በሬ ስያለሁ፤ ከምኮራባቸው ሥራዎቼ አንዱ ነበር።

«ባድሩ፣ ይኼ በሬ ምን አግኝቶ ነው የሚስቀው?»

«ሥጋው ሸጋ ስለሆነ ነዋ!»

«ሊታረድ እኮ ነው!»

ይህን የሰሙ ሁለት ደንበኞች ሽሮ ሊበሉ ሄዱ። ባድሩ ሳምንቱን ሙሉ በሬውን ባየ ቁጥር ሲተክዝ ሰነበተና «ወላሂ ማህዲ፣ አፉን ዝጋልኝ» ብሎ አስጠራኝ።

ቀጥሎ ርግቦቼ ላይ መጣች። ለውጡ መጣ በተባለበት ዓመት ከተማው ሁሉ ርግብ አምሮት ነበር። ፋርማሲው ርግብ፣ ባጃጁ ርግብ፣ ጎማ ጠጋኙ ሳይቀር ርግብ። አሥራ አንድ ርግብ ስያለሁ። «ሐይቁ የራሱ ወፍ ሞልቶት ሳለ ይህችን ከየት አመጣሃት? ደግሞስ ማን ነው የሚያያት?» አለችኝ። «ማን ነው የሚያየው?» ማለት ከሰላምታ ቀጥሎ የምትናገረው ነው። ርግቧን ከስልኬ እንደገለበጥኳት አልነገርኳትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ተበተንን። ተመልሰን ስንገባ ከርግቦቼ ሁለቱ በጥይት ተበስተው አገኘኋቸው። በየማሳው ያልፈነዳ ብረት ቀርቶ ስለነበር ቀበሌው የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አዘዘኝ። ማንበብ ለማይችል ሰው ነውና ፊደል የለውም፤ ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን ብቻ። ከግራ ጀምሮ፣ ገበሬው ጎንበስ ብሎ ብረቱን ያያል፤ ሳይነካው በዱካው ላይ ይመለሳል፤ ቀበሌ ደርሶ ይናገራል። ይህን ያልተረዳ ምንም አይረዳም ብዬ ተመጻደቅሁ።

ሰሌዳው ገበያው ዳር በተተከለ በሰዓቱ ክብርት ሐያሲት ከተፍ አለች።

«ሸጋ ነው። ማን ነው የሚያየው?»

በገንኩ። «ሒክማ፣ ይኼ የበሬ ሳቅ አይደለም! የሰው ሕይወት ነው!»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለችና ጤፋቸውን ሸጠው የሚመለሱትን አያ ኸሚስን ጠራቻቸው። አያ ኸሚስ ሐይቁ ዳር የሚያርሱ፣ ቁርአን ቀርተው፣ ዐረብኛውን እያነበቡ ያደጉ፣ የአማርኛ ፊደል ግን ያልቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ ኸሚስ፣ ይኼ ሥዕል ምን ይላል? እስቲ ይንገሩን።»

ጣታቸውን ከቀኝ ጀመሩ። «ይኸው፣ ሰውየው ቀበሌ ሄደ። ቀበሌ አዘዘው። በዱካው ወረደ። አይዋ፣ ብረቱን አገኘው፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ነው።» ፊታቸው በራ። «አልሐምዱሊላህ! የኔም ማሳ ላይ አንድ አለ፤ ፈርቼው ከርሜያለሁ። ቀበሌ ካዘዘማ ነገ ጧት አነሳዋለሁ።»

ክው አልኩ። ዕድሜ ልካቸውን ከቀኝ ወደ ግራ ያነበቡ ሰው ሥዕሉንስ በሌላ በኩል ለምን ይጀምሩት? እኔም መድረሳ የተማርኩ ነኝ፤ ብሩሽ ስይዝ ግን ትዝ አላለኝም። ነገር በዐይን ይገባል ይባላል፤ በየት በኩል እንደሚገባ የጠየቀች ግን ሒክማ ብቻ ነበረች። ሰሌዳውን እዚያው ነቅዬ አወረድኩት።

ሒክማ አላሾፈችብኝም። «አያ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እንዳይነኩት!» እያለች ሽማግሌውን ቀበሌ ድረስ አደረሰቻቸው። በሦስተኛው ቀን ባለሙያዎች መጥተው ብረቱን እዚያው ማሳው ላይ አፈነዱት፤ ድምፁ ገበያው ድረስ ተሰማ። ሦስቱን ሥዕሎች ከላይ ወደ ታች ደርድሬ ሰሌዳውን እንደ አዲስ ሳልኩት። እሷም ስድስት ሰው ጠርታ ካስነበበች በኋላ ነው እንዲተከል የፈቀደችው።

በማግስቱ አያ ኸሚስ ትኩስ ዓሣ በፌስታል ይዘው ሱቄ መጡ። ደስ ብሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ላንተ አይደለም፤ ለሒክማ አድርስልኝ።»

«አያ፣ ሥዕሉን የሳልኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አንተማ ልታስጨርሰኝ ነበር!»

ዓሣውን ይዤ ስሄድ ባድሩ ቤት ቁጭ ብዬ ያማኋት ሁሉ ትዝ እያለኝ አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ይህችን ልጅ እወዳታለሁ። ተመልሳ ዓረብ አገር ትሄዳለች የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ።

በሩን ከፍታ ፌስታሉን ዐየችና «ከማን ነው?» አለችኝ።

«ከአያ ኸሚስ» አልኳት። «በሁለቱም ደህና እጃቸው ይዘው መጥተው ነው የሰጡኝ።»

ዓሣውን ተቀበለችኝ። ካወቅኋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሸጋ ነው» ብላ እዚያ ላይ አቆመች።