ዓሦቹ ፍልሰታን ሲጾሙ

በዚህ አገር እንግዳን የሚያሰጋው ረሃብ አይደለም፤ ጥጋብ ነው! አልተስማማችሁም? እንግዲያው የባዩን ስድስት ዓሦች ጉድ ስሙ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር፣ ፔዳ ከሚባለው የመምህራን ኮሌጅ አጠገብ ተከራይተን እንኖራለን። ጎረቤቴ ባዩ የባዮሎጂ መምህር ነበር። አንድ ቀን ጢስ ዓባይ ወርዶ ከአንዲት ጅረት ጣት የሚያህሉ ስድስት ዓሦች ይዞ መጣና በመስተዋት ሣጥን አኖራቸው። ጣናን የሚያህል ሐይቅ ደጃችን ተዘርግቶ ሳለ ዓሣ ሳሎን ውስጥ! ሰፈሩ በሙሉ ሳቀበት። ክረምት ሲገባ ባዩ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ተመደበና ሣጥኑን አቅፎ እኔ ቤት ከች አለ።

"አደራህን" አለኝ። "የቧንቧ ውሃ አሳድረህ ነው የምትጨምርላቸው። ፀሐይ አያግኛቸው። ከሁሉ በላይ ግን ምግብ አታብዛ!"

"ሞቼ ልገኝ! እንደ ልጆቼ ነው የምይዛቸው" አልሁት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችንን እንዴት እንደምናጎርስ እያወቀ እንዴት ዝም አለኝ?

ዳቦ በቀበሌ ሰልፍ በሚገኝበት ዘመን፣ እቤታችን የገባ ሰው ሁሉ ለዓሦቹ ቆንጥሮ ሳይጥል አይወጣም። "ኧረ በልተዋል!" ብትሉ ማን ሰምቷችሁ! "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!" ባለቤቴ አስናቀች ደግሞ እንግዳ መጣ ብላ ጠዋት ማታ መስተዋቱን ትወለውላለች። በሳምንቱ ውሃው አጥሚት መሰለ። ሁለቱ ዓሦች በጀርባቸው ተንሳፈፉ። ከዚያ ሦስተኛው… አራተኛው…

ጭንቅ ያዘኝ። ባዩን እንደ ወንድም ነው የምወደው፤ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሮጬ ጋሽ ሰይድን ጠራሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ላይ ዓሣ ያሰገሩ ሰው ናቸው። አጎንብሰው ብዙ ተመለከቱ።

"ምን ይሻላቸዋል ጋሽ ሰይድ?"

"ልጄ፣ እኔ ዓሣ መግደል ነው የማውቀው። ማከሙን የት ተማርሁና!"

በዚህ መሀል አማቴ እማማ ውድነሽ ፍልሰታን እኛ ዘንድ ሊጾሙ ከማክሰኝት መጡ። ጾሙ በገባ ዕለት ጠዋት አስናቀች ዳቦ ስትቆርስ አዩአት።

"ለማን ነው?"

"ለዓሦቹ ነው፣ እማዬ።"

"በፍልሰታ? በጧት? ሕፃናቱ እንኳ እየጾሙ? ክርስቲያን ቤት ተቀምጦ ማንም አይበላም!"

አለቀ! አማቴ ወንበራቸውን አስጠግተው ሣጥኑን ይጠብቁ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሁለት ጣት ቆንጠር፣ በቃ። የባዩን ማስጠንቀቂያ ከቁብ ያልቆጠረ ሰፈር ጾም ሲባል እጁን ሰበሰበ። መወልወሉም ቀረ፤ "በጾም እጃችሁን ዓሣ አታስነኩ" ብለዋላ! መስተዋቱ አረንጓዴ ለበሰ። የተረፉት ሁለቱ ግን… ነፍስ ዘሩ! አፋቸውን መስተዋቱ ላይ ለጥፈው ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ።

"እይ" አሉኝ አማቴ እንባቸው እየመጣ፣ "እየተሳለሙ እኮ ነው!"

ባዩ የተመለሰው ጾሙ በተፈታ ዕለት ነው። ሳልደብቅ ነገርሁት፤ ስለ አራቱ መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ። ፊቱ ቅጭም አለ። ከዚያ ሁለቱን ጠጋ ብሎ አየ።

"እነዚህስ እንዴት እንዲህ ወፈሩ?"

"ጾመው።"

"ምን ጾሙ! እነዚህ የጅረት ድንጋይ ላይ ያለውን አረንጓዴ እየላሱ ነው የሚኖሩ። መስተዋቱን ሲልሱ ሌት ተቀን ሲበሉ ነው የከረ…"

እግሩን ረገጥሁት። አማቴ የዶሮ ወጥ እንቁላል ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እግዜር ይመስገን፣ አልሰሙም።

"እሰይ፣ እንኳን መጣህ ልጄ! ጾሙ ተፈቷል፣ እነሱም ይፈስኩ!" ብለው እንቁላሉን ገመሱና ወደ ሣጥኑ አመሩ። ባዩ "ኧረ አይሆንም!" ሊል ፊታቸው ተደቅኖ አፉን ሲከፍት ግማሹን አጎረሱት። "በሞቴ!" ሌላውም ግማሽ ተከተለ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጉንጩ ተነፋ። እንደ ምንም ብሎ ሣጥኑን ደረቱ ላይ አቀፈ።

"ምነው፣ ዛሬውኑ ልትወስዳቸው ነው?" አሉት አማቴ ቅር ብሏቸው።

ባዩ እየተናነቀው ዋጠ።

"ለጊዜው ነው፣ እማማ። የሚቀጥለው ጾም ሲገባ መልሼ አመጣቸዋለሁ።"