ለውኃ የተማሩ ዶክተር

የሕፃናትን ሆድ እያከሙ ሐኪም ከማስተማር የባሰ ድካም ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። የእህቴን ልጅ ተቅማጥ ሦስት ቀን ሲያጣድፈው ከዓባይ ማዶ አዝዬው ሆስፒታል ሄድሁ። ዶክተሯ ስምንት ተማሪዎች አስከትለው መጡ፤ ስምንቱም ሆዱን ተጫኑት።

«ይህ ልጅ ምን ያስፈልገዋል?» አሉ ዶክተሯ።

አንዱ አልትራሳውንድ አለ። አንዷ ስሙ ከልጁ ቁመት የሚረዝም በሽታ ጠራች።

«እስቲ ዓይኑን ተመልከቱ!»

ዓይኑ አንዱ ተማሪ የያዘው የውኃ ጠርሙስ ላይ ተተክሏል።

«ውኃ የከለከለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ተቅማጡን ይጨምርበታል ሲሉኝ።»

አልተቆጡም። ስንት ዓመት ይህንኑ ሲሉ ቁጣውም አልቆባቸው ይሆናል። የጨውና የስኳር ዱቄት በውኃ በጥብጠው ማንኪያ ሰጡኝ።

«ቀስ እያልሽ አጠጪው። ከሸና ውኃው ደረሰለት ማለት ነው፤ ሳይሸና ከዚህ አትነሺም።»

ከሰዓት በኋላ፣ ውኃ እንዳትሰጪው ያሉኝ ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ሊጠይቁን መጡ።

«ትልቋ ሐኪም ምን ሰጡት?»

«ውኃ።»

«ለውኃማ ጣና አለልን! ይህን ሁሉ ዘመን የተማሩት ለዚህ ነው?»

ምን ብዬ ልመልስላቸው? ልጁን ሌላ ማንኪያ አጠጣሁት። ወዲያው ጭኔ ላይ ሙቅ ነገር ፈሰሰ።

ልጁ መለሰላቸው።