የአባ ጠብቅ ዘመቻ፤ «ይበላል» የምትባል ቃል ስለ ላላችበት ዘመን

በዘመነ ዋይፋይ፣ አባ ጠብቅ «የዓሣ ወዳጆች» በተባለው ግሩፕ ላይ አድሚን ሆነው በተሾሙ በሦስተኛው ዓመት፣ የሳሎናችን አኳሪየም አምፖል ተቃጥሎ ዓሦቹ በመስኮት ብርሃን ብቻ ይተዳደሩ በነበረበት ወራት፣ የሚከተለው ሁሉ ሆነ። እኔ ጸሐፊው፣ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም፣ በዚያው ሳሎን ሶፋ ላይ የማድር፣ በዓይኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያላየሁትንም በስክሪንሾት አረጋግጬ እጽፋለሁ። «ተጋነነ» የሚል ካለ ግሩፑን ወደ ላይ ገፋ ገፋ አድርጎ ይመልከት፤ እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም።

እኒህ ሰው፣ ሥዩመ ግሩፕ፣ ዐቃቤ ፊልተር፣ መዋዔ ስፓም፣ በእንጀራ ሥራቸው መነጽር ሠሪ ሲሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው መነጽር ሲሞርዱና ሲወለውሉ ውለው፣ ማታ ጫማቸውን ሳያወልቁ ስልካቸውን አንሥተው ለፍርድ ይቀመጡ ነበር። «አባ ጠብቅ» የተባሉትም ሕግ ስለሚያጠብቁ ነው። ሕጋቸውም ይህ ነበር፤ ደብዛዛ ፎቶ አይለጠፍ፣ «እንደምን አደራችሁ» የሚል የአበባ ሥዕል አይላክ፣ ጥያቄ የጠየቀ መልስ ሳያገኝ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በደማቁ የተጻፈ አንድ አዋጅ ነበረ፤ «በድምፅ መልእክት መላክ ክልክል ነው። ጣት ያለው ይጻፍ።»

እቴጌይቱ፣ ማለት እኅቴ፣ የፀጉር ቤት ባለቤት፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ጣጣ ሲሰሙ የሚውሉ፣ ይህን ሕግ ባዩ ጊዜ የፎጣ ክምር እንደታቀፉ በሳሎኑ መካከል ቆመው እንዲህ ብለው አወጁ፤ «አንተ ሰውዬ፣ ኧረ ትንሽ ላላ በል! የምትጠብቀው ዓሣ ነው፣ ባንክ አይደለም!» አባ ጠብቅ ግን ይህን አዋጅ አላጸደቁትም።

ወእምዝ፣ በዚያ ወራት ሹካ የሚባል ትሮል ተነሣ። መልኩን ያየ የለም፤ በመልኩ ፈንታ የሹካ ሥዕል ለጥፎ ነበር። የሰው ዓሣ በተለጠፈ ቁጥር ከሥሩ እየመጣ «በሎሚ ይበላል» ይል ነበር። ፋርማሲስቷ፣ ሰማያዊ ዓሣዋን «ልዑል» ብላ የምትጠራው፣ ፎቶውን ብትለጥፍ «ልዑል ተጠብሶ ይበላል» አላት፤ መድኃኒት ስትቆጥር እንባዋ ባንኮኒው ላይ ወረደ። ጡረተኛው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ከሚስቱ ሞት በኋላ ከዓሦቹ በቀር የሚያዋራው የሌለ ሰው፣ አሮጌው ዓሣው ሞቶበት ቢያረዳን፣ ይህ ዓይን አውጣ «ነፍስ ይማር፤ መጥበሻው ሞቋል?» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌውም ለሰሞኑ ከግሩፑ ጠፋ። እኔ እንኳ፣ ዓሣ ብዙም የማይሞቀኝ የማይበርደኝ ሰው፣ ደሜ ፈላ።

ያን ጊዜ አባ ጠብቅ ዘመቱ። ሹካን አባረሩ፤ ማንኪያ ሆኖ ተመለሰ። ማንኪያን አባረሩ፤ ቢላ ሆኖ ተመለሰ። ቢላንም ባባረሩ ጊዜ እጃቸው ላይ ሻይ ፈሰሰባቸው፤ ይህም በጦርነቱ የደረሰ ብቸኛው የአካል ጉዳት ነው። በመጨረሻም በግሩፑ በር ላይ ጥያቄ አቆሙ፤ የሚገባ ሁሉ «ፊልተር መቼ ይታጠባል?» ተብሎ እንዲጠየቅ አደረጉ። ቢላም ሌላ ስም ለብሶ መጥቶ «ከእራት በፊት» ብሎ ቢመልስ፣ በዚያው በር ላይ ተያዘ፤ ብሎክ ተደረገ፤ ድምፁም ጠፋ። ድሉ በታወጀ ጊዜ የጭብጨባው ምልክት ስልኬን እስኪያንቀጠቅጠው ድረስ ዘነበ።

ነገር ግን ድል ያደረገ ሰው ዓይኑ ክፉ ያያል። ሁላችንም በየጥጉ ሹካ ይታየን ጀመር። አባ ጠብቅም ነገሩ ዳግም እንዳያመረቅዝ ሲሉ ይህን አዋጅ አወጡ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በሰው ዓሣ ሥር ‹ይበላል› ብሎ የጻፈ ያለማስጠንቀቂያ ይባረራል።» ይህ ቃል ሁለት አንገት እንዳለው፣ «በ» ጠብቃ ስትነበብ ዓሣው ለሰው ምግብ መሆኑን፣ ላልታ ስትነበብ ግን ዓሣው ራሱ ምግብ መቅመሱን እንደምትናገር፣ ፊደላችንም ሁለቱን አንድ አድርጎ እንደሚጽፋቸው፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ ትዝ አላለውም። ሁላችንም አጥብቀን እናነብ ነበር።

ወደ ነገሩ ጉሮሮ እንግባ። አንድ ቀን አንድ እንግዳ በሩ ላይ መጣ። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ለመልኩ የአውቶቡሱን መሪ ፎቶ አንሥቶ ለጥፏል። ስለ ፊልተሩ ቢጠየቅ «አላውቅም፣ ለመማር ነው የመጣሁት» አለ፤ አባ ጠብቅም ትሕትናውን ወደው አስገቡት። ገብቶም ወንበር ሳይዝ በልዑል ፎቶ ሥር «ሲያምር! ይበላል?» ብሎ ጻፈ።

ቀጥሎም ሾፌሩ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው አዲስ ዓሣ ሄዶ «የእርስዎስ ይበላል?» አለ። ከዚያም መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው፣ ለሁሉም እንዲታይ ብሎ፣ «የኔ አይበላም። ምን ላድርግ?» ብሎ ጻፈ። በዚህ ጊዜ ጡረተኛው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ቁስሉ ገና ያልጠገገ፣ በትልልቁ እንዲህ ሲል አወጀ፤ «ጉድ ፈላ! የራሱን ቀምሶ አይቶታል ማለት ነው!» ፋርማሲስቷም የእንግዳውን ፎቶ አቅርባ አይታ፣ ያ ክብ ነገር መሪ ሳይሆን ሳህን ነው ብላ መሰከረች። ሹካ፣ ማንኪያ፣ ቢላ፣ አሁን ደግሞ ሳህን፤ ነገሩ ለሁላችንም ገጠመልን። አባ ጠብቅ መነጽራቸውን ወልውለው «ሳህን ሆይ፣ ገበታህን ይዘህ ውጣ!» ብለው በገዛ አውራ ጣታቸው አባረሩት። እኔም ከሶፋው ላይ አጨበጨብኩ።

ሳህንም፣ ማለት ሾፌሩ፣ ለአባ ጠብቅ በግላቸው በድምፅ መላክ ጀመረ። አንድ ላከ፤ አልተከፈተም። ደግሞ ላከ፤ አልተከፈተም። ሕግ ሕግ ነውና አባ ጠብቅ ላወጡት አዋጅ ራሳቸው ተገዙ፤ እንዲያውም ያልተከፈቱትን መልእክቶች እንደ ምርኮ እያሳዩኝ ይኩራሩ ነበር።

በዕረፍት ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ አባ ጠብቅ ገላቸውን ሊታጠቡ ገብተው ሳለ፣ ስልኩ በጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እቴጌይቱ የፀጉር ቤቱን ፎጣ እያጠፉ ነበር፤ በሕጉም ስላልፈረሙ፣ በክርናቸው ነክተው ከፈቱት። የሾፌሩም ድምፅ፣ ከኋላው የሞተር ጩኸት እየተሰማ፣ በሳሎናችን እንዲህ ብሎ አወጀ፤

«ጋሼ አድሚን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አልገባኝም። ልጄ እግሯን ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ናት። ዓሣዋን አደራ ብላኝ ነው የገባችው። እኔ ሞኙ፣ ስትመለስ ደስ ይበላት ብዬ አኳሪየሙን በሳሙና ፈትጌ አጥቤ፣ ውሃውን ሙልጭ አድርጌ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ዓሣው አይበላም። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ‹አባዬ፣ ይበላል?› ትለኛለች። ‹አዎ የኔ ልጅ፣ ይበላል› እላታለሁ። ዋሽቻት አላውቅም ነበር። ነገ ትወጣለች፣ ጋሼ። የሌላው ሰው ዓሣ ይበላል ወይ ብዬ ነው እኮ የጠየቅሁት፣ ሌላ ምንም የለውም።»

ያ ሰው «ይበላል» ሲል «በ»ን አላልቶ ነበር። ሌላ ትርጉም የሚሰጥበት ቀዳዳ አልነበረውም። እቴጌይቱም ፎጣውን ጥለው ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ሄደው፣ በሩን በመዳፋቸው እየደበደቡ አወጁ፤ «አንተ! ውጣ! ሰውየው ዓሣው ምግብ ይበላል ወይ ነው የሚልህ! ላላ አርገህ አንብበው! ላላ በል አላልኩህም? ላ-ላ!»

አባ ጠብቅ ሳሙና በጆሯቸው እንዳለ ወጡ። መልእክቱን ሰሙ፤ ደግመው ሰሙ፤ ከዚያም ያን ሁሉ ኮሜንት ከሥር እስከ ላይ አላልተው አነበቡት። «ሲያምር! ይበላል?» «የእርስዎስ ይበላል?» «የኔ አይበላም። ምን ላድርግ?» ሰውየው ሲለምነን ነበር። አባ ጠብቅ ፎጣ እንዳገለደሙ ሶፋዬ ላይ ተቀመጡና አፈሩ፤ እኔም አብሬያቸው አፈርኩ፤ ሶፋውም ረጠበ።

ወእምዝ ተነሥተው፣ የሾፌሩን አድራሻ ከራሱ ጠይቀው፣ ይህን አዋጅ ለሕዝቡ ሁሉ ላኩ፤ «ወገን፣ ተሳስቻለሁ። ሳህን ሳህን አይደለም፣ ሾፌር ነው። ዓሣው በአዲስ የቧንቧ ውሃ ተጎድቷል። ክሎሪኑ የወጣለት ያደረ ውሃ ያለው ይከተለኝ።»

የተከተሏቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ ፋርማሲስቷ፣ ከልዑል ቤት በጆግ የተቀዳ ያደረ ውሃ ይዛ፣ ዓይኗ በጸጸት ቀልቶ፤ ጡረተኛው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጎማ ቱቦ እንደ መቀነት በወገቡ ጠምጥሞ፤ እኔ ጸሐፊው፣ የዓሣ ምግብ በኪሴ፤ በመካከላችንም አባ ጠብቅ ራሳቸው፣ ከገዛ አኳሪየማቸው የተቀዳ ባልዲ ታቅፈው፣ የገዛ ዓሦቻቸውን የአየር ፓምፕ ነቅለው በትከሻቸው አንጠልጥለው። እቴጌይቱም ባልዲው እንዳይፈስ ብለው ደንበኞቻቸው ቀለም ሲቀቡ የሚለብሱትን የፕላስቲክ ቆብ አፉ ላይ ደፉለት።

በአውቶቡስ ሄድን። መታጠፊያው ላይ ባልዲው ቆቡን ጥሎ በአባ ጠብቅ ሱሪ ላይ ተደፋ፤ አጠገባቸው የነበሩት ሴትዮም ቦታ እየቀየሩ «እናንተ ሰፈር ውሃ ጠፍቷል እንዴ?» ሲሉ ለተሳፋሪው ሁሉ አወጁ። አባ ጠብቅ የቀረውን ውሃ ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

የሾፌሩ ቤት ከሦስት ፎቅ ደረጃ በላይ ነበር። አኳሪየሙ በልጅቷ አልጋ ራስጌ ተቀምጧል፤ መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ከውሃው የልብስ ሳሙና ይሸታል። ዓሣው፣ አውራ ጣት የማያክል ብርቱካንማ ነገር፣ በጥጉ በአንድ ጎኑ ጋደል ብሏል። ሾፌሩ ሊያስተናግደን ወንበር ፍለጋ ሲራወጥ አባ ጠብቅ በወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ በሱቃቸው የሚጠቀሙበትን አጉሊ መነጽር አውጥተው ዓሣውን መረመሩ። ቧንቧ ሠራተኛው ግማሹን ውሃ በቱቦ ሳበ፤ ያደረው ውሃ በስኒ በስኒ ገባ፤ ፓምፑም ተተክሎ አረፋ ማውጣት ጀመረ። ዓሣው ቀና አለ። ምግብ ተነሰነሰለት። አልበላም።

የዜና መዋዕል ጸሐፊ ነኝና «በላ» ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን አልበላም። በማግሥቱ አባ ጠብቅ ሱቃቸውን ዘግተው ተመለሱ፤ እኛም ተመለስን፤ አሁንም አልበላም። እኩለ ቀን ላይ ልጅቷ በአባቷ ጀርባ ታዝላ፣ ክራንቿ በእጇ ተንጠልጥሎ፣ ደረጃውን ወጥታ ገባች። ይህን ሁሉ ሽማግሌና ቱቦ በክፍሏ ስታይ አልደነገጠችም፤ ወደ ዓሣዋ ብቻ አይታ «አባዬ፣ ይበላል?» አለች።

የሾፌሩ ከንፈር «አዎ» ሊል ሲንቀሳቀስ አየሁት። አባ ጠብቅ ግን ቀደሙት፤ ቆመው፣ እጃቸው እንደረጠበ፣ እንዲህ ብለው አወጁ፤ «አልበላም፣ የኔ እመቤት። አባትሽ ምን ላድርግ ብሎ ጠይቆን ነበር። እኔ ነኝ በር ዘግቼ ያዘገየሁት። አባትሽን ሳይሆን እኔን ተቆጪ።»

እሷም አልተቆጣችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ከምግቡ ቆንጠር አድርጋ በጣቶቿ አላመችው፤ በጥፍሯም መስታወቱን ጠቅ፣ ጠቅ አደረገች። ያ ብርቱካንማ ነገር ከጥጉ ተነሣ፤ ተወዛወዘ፤ ወጣ፤ አፉን ከፈተ። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ይህ የሆነው በውሃው ነው ወይስ በልጅቷ ጥፍር የሚለው ነገር በግሩፑ ሊቃውንት መካከል እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል፤ ቧንቧ ሠራተኛው «ውሃው ነው» ይላል፤ ፋርማሲስቷ «ልጅቷ ናት» ትላለች።

አባ ጠብቅ በዚያች ሰዓት ለግሩፑ የላኩት አዋጅ አንድ ቃል ነበረ፤ «በላ።» ይህን ማንም በሌላ አላነበበውም። በሕዝቡም መካከል ታላቅ ደስታ ሆነ። ወዲያው ጭልፋ የሚባል፣ በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ ያልታወቀ ሰው «ማንን በላ?» ብሎ ቢጽፍ፣ አባ ጠብቅ ዓይናቸውን ሳያሹ አባረሩት፤ ላላ ማለት በር መርሳት አይደለምና።

ወካዕበ፣ ስለ ድምፅ መልእክት የወጣው ሕግ ተሻረ። ሾፌሩ ሁለተኛ አድሚን ሆኖ ተሾመ፤ ይህን ሹመት ሦስት ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ የነበረ ሌላ ሰው መኖሩን ጸሐፊው ለታሪክ ያህል ብቻ ይጠቅሳል። ልጅቷም ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ይበላል!» እያለች በድምፅ ትልክልናለች፤ እቴጌይቱም በፀጉር ቤታቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ያሰሙታል።

እነሆ አባ ጠብቅ! ሹካን የመከቱ፣ ማንኪያን የበተኑ፣ ቢላን ያዶለዶሙ፣ በፈረዱበት ሰው ደረጃ ላይ ባልዲ ታቅፈው የወጡ፣ በሕፃን ፊት «እኔ ነኝ» ያሉ! እቴጌይቱ ከዚያ ቀን ወዲህ «አባ ላላ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ። ፊልተራቸው አይደፈን፤ አምፖላቸው ይብራ፤ ውሃቸው ይደር፤ ዓሣቸውም ይብላ፣ አይበላ።