ለቅሶ ቤት በሄድፎን የዘፈንኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት አብዷል ተብዬ ዘመድ ተሰበሰበብኝ፤ ምሳ ሳይደርስ ደግሞ ዳንኩ!

አትሳቁ።

እሺ፣ ሳቁ። ሆሳዕና ያላችሁት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ስለደረሳችሁ ስቃችሁ ጨርሳችኋል። ይሄ ፖስት ለቀራችሁት ነው።

ስጽፍ ትንሽ እደናቀፋለሁ። አስረኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው። ታገሱኝ።

ወንድሜ ማቴዎስ፣ ሁላችሁም ማቴ የምትሉት፣ የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ከዳምቦያ እስከ አዲሎ ማቴ ያልተጫወተበት ሰርግ ካለ፣ ሙሽሮቹ ሳይጋቡ ተጣልተው መሆን አለበት። ክረምቱ ሲገባ ከሺንሺቾ ሰርግ እየተመለሰ ነበር። ዝናብ ነበር። የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

ማቴ ሞተ።

ኪቦርዱ ተረፈ።

አንዲት ጥርስ ብቻ ናት የረገፈችበት። እቤት ሲያመጡት ጭቃውን ጠርገው ሰኩት፣ በራ! አባባ ይሄን ይቅር ሊለው አልቻለም። “ልጄ ሞቶ ይሄ ፕላስቲክ ይተርፋል?” አለ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርቶት አያውቅም፤ “ያ ነገር” ነው የሚለው።

ተወሰነ። አርባው ካለፈ በኋላ ሸምሱ መጥቶ ይወስደዋል። ሸምሱ የማቴ ባንድ ዘፋኝ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ፣ እሱ ደግሞ ከሱቁ ይልቅ ማይክ የሚወድ። ኪቦርዱን ለአዲሱ ተጫዋች ይሰጠዋል ተባለ።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅስ ምን እላለሁ? መጫወት አልችል።

ግን ፈለግኩት። ለምን እንደፈለግኩት ለመናገር ስለ መሣሪያ ትንሽ ልፈላሰፍባችሁ።

ኪቦርድ ውስጥ ከፋብሪካ የተሞሉ ምቶች አሉ። ፖልካ አለ። ዋልትዝ አለ። ቦሳ ኖቫ አለ። የእኛ አገር ሰርግ የለም! የሠሩት ሰዎች ሆሳዕና ሰርግ ተጠርተው አያውቁም ማለት ነው። ማቴ በዚህ ተናደደ። አንድ ሰርግ ላይ የሴቶቹን ጭብጨባ በስልኩ ቀዳ፣ እቤት ገብቶ በጣቱ እየመታ ኪቦርዱ ውስጥ ራሱ ሠራው።

ጭብጨባው ውስጥ አንዷ ሁልጊዜ ዘግይታ ትመጣለች። ሁሉም “ጧ” ሲሉ እሷ ቆይታ “ጧ” ትላለች።

“ለምን አታስተካክላትም?” አልኩት።

“እሷን? እሷ እኮ የሙሽራዋ አያት ናት። እሷን ካወጣኋት ሰርጉ ይጎድላል” አለኝ።

ለእኔ ፈጠራ ማለት ይሄ ነው። የተሳሳተውን ሁሉ አለማረም። (ለአስረኛ ክፍል ጥሩ ፈላስፋ ነኝ አይደል?)

በዚያ ምት ላይ ደግሞ ማቴ ራሱ የተጫወተው አለ። በሁለት እጁ፣ ከነስህተቱ፣ ኪቦርዱ ውስጥ ተቀድቶ ተቀምጧል። አዲሱ ተጫዋች ሲረከበው በላዩ ላይ የራሱን ይቀዳል። ይሄኔ ማቴ ይጠፋል። በሌላ ቦታ የለም።

“በስልክህ ቅዳው” የምትሉ ብልጦች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለመቅዳት ድምፁ ከስፒከር መውጣት አለበት። ለቅሶ ቤት ማን የሰርግ ዘፈን ይከፍታል? እኛ ቤት ሬዲዮኑ እንኳ ጨርቅ ተጥሎበት ከቁም ሳጥኑ በላይ ተቀምጧል!

ስለዚህ ብልሃት አገኘሁ። ሄድፎን።

የማቴ ሄድፎን ትልቅ ነው፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ይውጣል። መብራት በመጣ ቁጥር ጓዳ ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ ኪቦርዱን ከአልጋ ሥር አወጣለሁ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ፣ ማቴን እየሰማሁ በጣቴ እከተለዋለሁ። ሸምሱ ከመምጣቱ በፊት ጣቴ ላይ ላስቀምጠው ነው። ሳሎን ለቅሶ ደራሽ ተቀምጧል፣ እኔ ጓዳ ሰርግ ላይ ነኝ፣ ማንም አያውቅም!

እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው አልኩ። የራሴን።

እንግዲህ የዚያን ሰሞን ቤተሰቡ ለእኔ ያሳየኝ ደግነት ልዩ ነበር። እማዬ ከወጡ ሥጋ ሥጋውን ወደ እኔ ትገፋለች። ጎረቤት ሲያገኘኝ እጄን ይዞ ቶሎ አይለቅም። አባባ ምላጩን የት እንዳስቀመጠው እንጃ፣ ስጠይቀው “ፂም ያምርብሃል” አለኝ። ፂሜ ደግሞ እንደ ድርቅ ዓመት ጤፍ ነው፣ እዚህም እዚያም።

ሐዘን ሰውን ያዋድዳል አልኩ እኔ ሞኙ።

ዛሬ ሸምሱ በሞተር ሳይክሉ መጣ። ቀጥሎ አክስቴ ማርታ መጣች፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያናችን ካቴኪስት፣ ሃይማኖት አስተማሪው ጋሽ ጴጥሮስ። ቀጥሎ ጎረቤቶች። ሳሎኑ ሞላ። የአንድ ለአምስት ስብሰባ እንኳ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም! ለአንድ ኪቦርድ ርክክብ ይሄ ሁሉ ሰው? አልኩ በልቤ። ከዚያም ለመጨረሻ ጊዜ ልጫወት ብዬ ጓዳ ገባሁ።

ዛሬ ከሁልጊዜውም በለጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ እጄ ከማቴ እጅ ጋር እኩል እየሄደ።

ትከሻዬን ነካ ነካ አደረጉኝ።

ዞርኩ። በሩ ክፍት ነው። ሳሎን የነበረው ሰው በሙሉ በሩ ላይ ቆሟል። እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

አክስቴ ማርታ ሄድፎኑን ቀስ አድርጋ ከራሴ ላይ አወለቀችው፣ በስልኳ መብራት ዓይኔን ትመረምር ጀመር።

“ስምህ ማነው የኔ ልጅ?”

“አክስቴ ማርታ! ምን ሆንሽ?”

“ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?”

“ሐሙስ።”

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። ዓርብ ነው ለካ!

ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ቀን የሚቆጥረው እንዴት ነው? ፍረዱኝ።

ጋሽ ጴጥሮስ ጎንበስ ብሎ፣ ለሕፃን በሚናገርበት ድምፅ፣ “ከማቴዎስ ጋር ታወራለህ አሉ” አለኝ።

“ማነው ያለው?”

“ልጄ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማሃል።”

ይሄኔ ገባኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሰሞን ሁሉ ያላሰብኩት አንድ ነገር! ሄድፎን የሚደብቀው የኪቦርዱን ድምፅ ነው። የእኔን አይደለም!

ለካ እየጮህኩ ነበር። ጆሮዬ ስለተደፈነ ለራሴ አይሰማኝም። ከውጭ የሚሰማው ደግሞ ሙዚቃ የሌለው ነው፦ ወለል የሚደልቅ እግር፣ ካለ ዜማ የሚያላዝን ልጅ፣ በመሃል ደግሞ፣ “ማቴ፣ ቀስ በል!” “ማቴ፣ እዚህ ጋ እንዴት አደረግከው? ድገምልኝ!” “ተው እንጂ አንተ አህያ፣ ግራ እጅህን አንሣ!”

ይሄ ለቅሶ ደራሽ ፊት። ገና ካፉ “እግዜር ያጽናችሁ” የሚለው ሳይወጣ።

ተሰብስበው የመጡት ለኪቦርዱ አልነበረም። ለእኔ ነው! አንጋጫ አጎቱ ዘንድ ሄዶ አየር ይቀይር የሚል አለ፣ ጸበል የሚል አለ፣ አክስቴ ማርታ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ልትጽፍልኝ ቦርሳዋን ይዛለች።

እማዬ ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ብቻ እያየች፦

“ይመልስልሃል?” አለችኝ።

ውሸት አልችልበትም። በተለይ ለእማዬ።

“አዎ” አልኩ። “አንዳንዴ ግን በጣም ይፈጥናል።”

ጋሽ ጴጥሮስ አማተበ። ሸምሱ፣ ሙስሊሙ ሸምሱ፣ ሊያማትብ ትንሽ ቀረው።

አሁን እዩልኝ ያለሁበትን። እውነቱን ካልተናገርኩ እብድ ነኝ። ከተናገርኩ ደግሞ በወንድሙ ለቅሶ ላይ የሰርግ ዘፈን ሲጫወት የከረመ ባለጌ ነኝ፤ እሱም “ያ ነገር” ላይ፣ አባባ እየሰማ። ኪቦርዱ ያኔውኑ ይሄዳል፣ ምናልባት በመስኮት።

ግን እማዬን አየኋት። አንድ ልጅ ቀብራለች። ሁለተኛውን ከበር ላይ ቆማ እየሸኘች ነው፣ እሷ እንደሚመስላት።

የሄድፎኑን ገመድ ነቀልኩት።

ወይ ጉድ! ድምፁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እንደነበር ረስቻለሁ!

ጭብጨባው ቤቱን መታው። ቆርቆሮው ነዘረ። ዘግይታ የምታጨበጭበዋ አያት እንኳ ከነመዘግየቷ ሳሎን ገባች። በላዩ ላይ ማቴ። የማቴ እጆች፣ ሁለቱም፣ እየሮጡ። ለቅሶ ቤታችን በቀን ብርሃን ሰርግ ሆነ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ጎረቤታችን ብቻ ትከሻዋ ትንሽ እንደ መንቀጥቀጥ አለና በቶሎ ያዘችው።

ሸምሱ ኮፍያውን አወለቀ። “አሁን እዚህ ጋ ይስታል” አለ ቀስ ብሎ።

ማቴ ሳተ።

“ሁልጊዜ እዚህ ጋ” አለ ሸምሱ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባባ ከኋላ ነበር። ሰው እየገፋ መጣ። አባባ ማቴ ሲጫወት አንድም ቀን ቁጭ ብሎ ሰምቶት አያውቅም፤ ሰርግ ላይ እንኳ ማቴ ኪቦርድ ሲሰካ እሱ ከብት ሊያይ ይወጣ ነበር። አሁን ከፊቴ ቆመ። አባባ እንግዳ ፊት ሲቆጣ በአማርኛ ነው የሚቆጣው፣ ለሰው ይግባ ብሎ። ዛሬ በሐዲይኛ፣ ለእኔ ብቻ፦

“ቀንሰው” አለኝ።

ደንግጬ ዘጋሁት።

“ቀንሰው አልኩህ እንጂ ዝጋው መች አልኩህ?”

መልሼ ከፈትኩት። ተቻኮልኩና ፖልካ ነካሁ! ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ቦሳ ኖቫ! በሦስተኛው ማቴን አገኘሁት፣ ቀነስኩት። አባባ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እስኪያልቅ አልተነሣም። እማዬ በሩን እንግዶቹ ላይ ዘጋችባቸው፣ እሷ ግን ከውስጥ ቀረች።

ሲያልቅ አባባ ወደ ሳሎን ወጣ። ሸምሱ ምሳ ሳይበላ ሊሄድ ተነሣ።

“ኪቦርዱስ?” አለው ጋሽ ጴጥሮስ።

“ዛሬ በሞተር ነው የመጣሁት ጋሼ። እንዴት ይጫናል?” አለ ሸምሱ።

ያንን ኪቦርድ ከማቴ ጋር በዚያው ሞተር ስንት ገጠር እንዳዞሩት ቆመው የሚያዩት ሁሉ ያውቃሉ። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አባባም አንገቱን ነቀነቀ፣ “እውነት ነው፣ አይጫንም” አለ!

አክስቴ ማርታ ሪፈሯን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ከመውጣቷ በፊት ግን እንደ ባለሙያ ጠራችኝ።

“ጭንቅላትህ ደህና ነው። መጫወቱንም ልመድ። መዝፈኑን ግን ተወው የኔ ልጅ። ያስፈራንኮ እሱ ነው።”

ያቺ ናት ከሁሉም ያቆሰለችኝ! እብድ ስባል ዝም ያልኩ ሰውዬ፣ ድምፅህ አያምርም ስባል እንባዬ መጣ። አርቲስት ነኝ ማለት ነው።

የዛሬው ትምህርት፦ ሄድፎን ሌላውን ሰው ከእናንተ ይሰውራል እንጂ እናንተን ከሌላው አይሰውርም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለጎረቤቶቼ። ያን ሁሉ ቀን ሰምታችሁኛል፤ እስኪ እውነቱን ንገሩኝ፣ መሃል ላይ ትንሽ እንኳ አልተሻሻልኩም? መልሳችሁን በኢንቦክስ ላኩልኝ። ኮመንት ላይ እንዳትጽፉ፤ አክስቴ ማርታ ከሰዓት በኋላ ፌስቡክ ከፍታለች፣ የመጀመሪያ ጓደኛዋ እኔ ነኝ፣ “ምሳህን በላህ?” ብላ ግድግዳዬ ላይ ጽፋለች።